ወርቃማው ዓሣ ጌጥ አይደለም

በናይሮቢ በሚኖር የአገራችን ሰው ሳሎን ውስጥ ወርቃማ ዓሣ ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ከኪሊማኒ እስከ ኢስትሊ ባሉት አፓርታማዎች ውሻ ለማሳደግ የሚፈቅድ አከራይ ማግኘት ያስቸግራል፤ ድመትም ብትሆን ከጎረቤት ታጣላለች። ዓሣ ግን አይጮኽም፣ አይቧጭርም፣ ደረጃ አያቆሽሽም። ስለዚህ የልጅ ልደት ሲደርስ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ውኃ በተሞላ ላስቲክ ታስረው፣ ከአንዲት ክብ የመስታወት ጎድጓዳ ጋር ወደ ቤት ይገባሉ። ጎድጓዳዋ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ትቀመጣለች። በሁለተኛው ሳምንት አንደኛው ዓሣ በጎኑ ይንሳፈፋል፤ በሦስተኛው ሳምንት ባልንጀራው ይከተለዋል። ልጁ ሲያለቅስም «አይዞህ፣ ድሮም የዓሣ ዕድሜ አጭር ነው፤ ሌላ እንገዛልሃለን» ተብሎ ይጽናናል።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው በዚያች የማጽናኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ምክንያቱም ሐሰት ናት። ሐሰትነቷም ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ልጁንም ይጎዳል።

ዕድሜ ማሳጠሩ የማን ነው?

ወርቃማው ዓሣ የካርፕ ወገን ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ቻይናውያን ከዱሩ ግራጫ ዘመዱ መካከል ቀይና ቢጫ ሆነው የተገኙትን እየመረጡ ማራባት ጀመሩ፤ በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (960-1279 እ.ኤ.አ.) በመኳንንቱ ኩሬዎች ውስጥ የታወቀ ሆነ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓንና አውሮፓ ደረሰ። በደኅና ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል፤ 20 ዓመት ያለፉትም ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1956 በእንግሊዝ አገር በአንድ የመዝናኛ ባዛር ላይ በሽልማት የተገኘ «ቲሽ» የተባለ ወርቃማ ዓሣ እስከ 1999 ድረስ 43 ዓመት እንደኖረ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፍሯል። በእኛ የዘመን መለኪያ ብንለካው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ከባዛር ወደ ቤት የገባ ዓሣ የደርግን 17 ዓመታት በሙሉ ተሻግሮ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከተጀመረም በኋላ በሕይወት ነበረ ማለት ነው።

እንግዲህ ፍጥረቱ ለዐሥርተ ዓመታት የሚኖር ሆኖ ሳለ በእኛ ሳሎን ለሦስት ሳምንት ብቻ ከቆየ፣ ዕድሜውን ያሳጠረው ማን ነው? አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሌላም የምንሰማው ሐሰት አለ። «ዓሣው እንደ ዕቃው መጠን ነው የሚያድገው፤ በትንሽ ጎድጓዳ ብታኖረው ትንሽ ሆኖ ይቀራል» ይባላል። በመደብር የምናየው አውራ ጣት የሚያህል ዓሣ ጨቅላ ነው። ቀጥ ያለ ቁመና ያለው ተራው ዝርያ አድጎ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ድርብ ጅራት ያለው ድቡልቡሉ ዝርያ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር። በጎድጓዳ ውስጥ ትንሽ ሆኖ የሚቀረው በራሱ ቆሻሻ ተመርዞ እድገቱ ስለሚቀጭጭ ነው። መቀጨጭን መመጠን ብሎ መጥራት ምን ዓይነት አነጋገር ነው?

የአንድ ቃል ጥፋት

ይህ ጸሐፊ የሚተዳደረው በትርጉም ሥራ ነውና በዚህ ጉዳይ የቃላት ድርሻ ሳይታየው አይቀርም። በንግዱ ዓለም «ኦርናሜንታል ፊሽ» የሚባለውን «የጌጥ ዓሣ» ብለን ተርጉመነዋል። ትርጉሙ ቃል በቃል ትክክል ነው፤ በመንፈሱ ግን ጉዳት አድርሷል። ጌጥ ማለት የአንገት ሐብል ነው፣ የግድግዳ ሥዕል ነው፤ ሲደበዝዝ ይወለወላል፣ ሲሰበር በሌላ ይተካል። ጌጥ አይራብም፣ አይታፈንም፣ አይታመምም። አንድን ነፍስ ያለው ፍጥረት በዚህ ስም ከጠራነው በኋላ «ሌላ እንገዛልሃለን» ብንል ምን ይገርማል?

አማርኛ «ፔት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ልክ የሆነ አቻ የለውም ተብሎ ይታማል። «የቤት እንስሳ» ስንል ላሟም፣ በሬውም፣ ዶሮዋም አብረው ይገባሉ። እኔ ግን ይህን የቋንቋው ድህነት አድርጌ አላየውም። ገበሬው ከበሬው ጋር ያለው ውል የታወቀ ነው፤ በሬው ያርሳል፣ ገበሬውም ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ከቁርና ከአውሬ ያስጠልለዋል። በሬውን ያስራበ ገበሬ በመንደሩ ዘንድ ይነቀፋል። በሳሎናችን ያለው ዓሣ የውሉን ድርሻ በየቀኑ ይፈጽማል፤ ያማረ መልኩን ያሳየናል። የጎደለው የእኛ ድርሻ ነው። ስለዚህ «የጌጥ ዓሣ» የሚለውን ትተን «ለማዳ ዓሣ» እንበል። ለማዳ የሚለው ቃል መልመድን፣ በሁለት ወገን መተዋወቅን ይዟል። ዓሣውም በእርግጥ ይለምዳል። «የሦስት ሰከንድ ትዝታ ብቻ ነው ያለው» የሚባለው ተረት ነው፤ የተማረውን ለወራት እንደሚያስታውስ በሙከራ ታይቷል፤ የሚመግበውን ሰው ሲያይም ወደ መስታወቱ ይመጣል።

እርሾ የሌለው ቡሖ

ለመሆኑ በሁለተኛው ሳምንት ዓሣውን የሚገድለው ምንድን ነው? ብዙዎች «ውኃው ንጹሕ ነበር፤ ብርጭቆ ይመስል ነበር» ይላሉ። ውኃው ጥርት ብሎ መታየቱ ስለ ንጽሕናው ምንም አይመሰክርም። ዓሣ የሚተነፍስበትም የሚጸዳዳበትም ውኃ አንድ ነው። በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድርም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ በዓይን አይታይም፤ ስንጥቡን ግን ያቃጥለዋል። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ «እያጫወተን ነው» የምንለው ብዙውን ጊዜ ትንፋሽ አጥሮት ነው።

በጤነኛ ውኃ ውስጥ ለዚህ መርዝ መፍትሔ የሚሆኑ ባክቴሪያዎች አሉ። የመጀመሪያዎቹ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ናይትራይትም መርዝ ነው፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሌሎቹ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ፤ ናይትሬት ከሁለቱ የቀለለ ነው፣ ውኃውን በከፊል በመቀየር ይወገዳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው ሥራቸውን እስኪጀምሩ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ዓሣ በሁለተኛው ሳምንት የሚሞተውም እንግዲህ መርዙ ሲጠራቀም፣ መድኃኒቱ ገና ሳይደርስ በመሆኑ ነው።

እንጀራ ለሚጋግር ሕዝብ ይህን ማስረዳት ከባድ ሊሆን አይገባም። አዲስ ገንዳ እርሾ የሌለው ቡሖ ነው። እርሾ የሌላት ሴት ከጎረቤት እንደምትበደር ሁሉ፣ አዲስ የዓሣ ባለቤትም ጤነኛ ዓሣ ካለው ወዳጁ ዘንድ ያገለገለ የማጣሪያ ስፖንጅ ቢዋስ የጥበቃው ጊዜ በእጅጉ ያጥርለታል። የሚያውሰው ካጣ ገንዳውን ከነማጣሪያው አዘጋጅቶ፣ ዓሣ ሳያስገባ፣ በየቀኑ ጥቂት የዓሣ ምግብ እየበተነ እርሾው እስኪይዝ ይጠብቅ፤ በመመርመሪያ ጠብታ ሲለካም አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ዓሣ አያስገባ። ዓሣው አስቀድሞ የገባ እንደሆነ ደግሞ ገንዳው እስኪደራጅ ድረስ የውኃውን ሩብ ያህል በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መቀየር ግድ ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ ሩቡን መለወጥ ይበቃል። «ላጽዳ» ብሎ ውኃውን በሙሉ ደፍቶ፣ ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አሽቶ መመለስ ግን እርሾውን አጥቦ መድፋት ነው። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ተደርጎ ብቻ ነው።

አራትና አምስት ሊትር የምትይዝ ጎድጓዳ ለዚህ ሁሉ ቦታ የላትም። ማጣሪያ አይገባባትም፤ አፏ ጠባብ ስለሆነ ውኃውና አየሩ የሚገናኙበት ገጽ ትንሽ ነው፤ መርዙም በጥቂት ውኃ ውስጥ ቶሎ ይጠነክራል። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ለአንድ ወርቃማ ዓሣ ቢያንስ 75 ሊትር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓሣ ደግሞ ወደ 40 ሊትር ይመክራሉ። የጣሊያኗ የሞንዛ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሮማ ደግሞ በ2005 ወርቃማ ዓሣን በክብ ጎድጓዳ ማኖርን በደንብ ከልክለዋል። ብሪታንያም በ2006 ባወጣችው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ እንስሳ መሸጥን አግዳለች። እነዚህ ሰዎች ሥራ ፈትተው አይደለም።

የናይሮቢ ውኃ፣ የናይሮቢ አየር

ከባሕር ማዶ የሚመጡት የአያያዝ መመሪያዎች ለለንደን ወይም ለኒው ዮርክ ሰው የተጻፉ ናቸው። እኛ የምንኖረው በናይሮቢ ነው።

የከተማው ውኃ በአብዛኛው የሚመጣው በሙራንጋ አውራጃ ካለው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ከተጠናቀቀውና 70 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ከሚይዘው የንዳካይኒ ግድብ ነው። ተጣርቶ በክሎሪን ይታከማል። ክሎሪን ለእኛ ጤና ነው፤ ለዓሣ ስንጥብና ለእነዚያ ባክቴሪያዎች ግን መርዝ ነው። አፈ ሰፊ ባልዲ ውስጥ ለ24 ሰዓት ክፍቱን ቢያድር ይተናል፤ ለቸኮለ ደግሞ በዓሣ መደብር የሚሸጠው የሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብታ ወዲያውኑ ያመክነዋል። ይሁንና ውኃ በፈረቃ በሚታደልባት ከተማ ዛሬ ከቧንቧ፣ ነገ ከቦቴ መኪና፣ ከነገ ወዲያ ከሕንጻው ጉድጓድ መቅዳት የተለመደ ነው። የጉድጓድ ውኃ ክሎሪን የለበትም ብሎ መዘናጋት ግን አይገባም። የናይሮቢ ጉድጓዶች ውኃ ብዙ ጊዜ ወደ አልካሊነት ያዘነብላል፤ የውኃው ፒኤች ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ያው አሞኒያ የበለጠ ገዳይ ይሆናል። ስለዚህ የውኃውን ምንጭ መጠየቅ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በድንገት አለመዝለል፣ የሳምንቱን መለወጫ የሚሆን አንድ ሁለት ጄሪካን አስቀድሞ መያዝ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በእኩል ሙቀት ያለ ውኃ በሞምባሳ ሊይዝ ከሚችለው ኦክስጅን በናይሮቢ የሚይዘው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በአዲስ አበባ ቢሆን ጉድለቱ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። የአየራችን ቀዝቃዛነት ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ኦክስጅን የተሻለ ይይዛልና። ወርቃማው ዓሣም የቀዝቃዛ ውኃ ፍጥረት በመሆኑ በሐምሌ ቅዝቃዜ እንኳ ማሞቂያ መግዛት አያስፈልገውም፤ ገንዘባችንን ማዋል ያለብን ለአየር ፓምፑ ነው። ለባሕር ዳርቻ ሰው ፓምፕ መጨመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለደጋ ሰው ግን የግድ ነው።

ፓምፕ ደግሞ መብራት ይሻል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 2023 ኬንያ በሞላ ጎደል ለሰዓታት በጨለማ እንደዋለች አንባቢ አይዘነጋውም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ መያዝ ጥሩ ነው፤ እሱ ከሌለ በኩባያ ከገንዳው እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማንቆርቆር አየር ያስገባል። ቡና መቅዳት የለመደ እጅ ይህ አይከብደውም።

በጉርሻ የሚገድል ሕዝብ

አሁን ወደ ራሳችን ልምድ ልምጣ። እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በማብላት ነው። እንግዳ «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» እንላለን። ይህ ለሰው ያማረ ባህል ነው፤ ለዓሣ ግን ሞት ነው። ወርቃማው ዓሣ እንደኛ የሚያጠራቅምበት ጨጓራ የለውም፤ የበላው በቀጥታ ወደ አንጀቱ ያልፋል። ሰው ባየ ቁጥር መለመኑ ተፈጥሮው እንጂ የረኃብ ምልክት አይደለም። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሶ የሚበላውን ብቻ መስጠት ይበቃል። ልጁ ጠዋት፣ ሠራተኛዋ ቀትር ላይ፣ አባት ማታ፣ እንግዳ ደግሞ በመሐሉ እያጎረሱት ውኃው አሞኒያ ባይሆን ነው የሚገርመው። የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪማ ጨርሶ መግባት የለበትም። ይልቅ የተቀቀለና ልጣጩ የተገፈፈ አተር፣ ለስለስ ያለ ቅጠላ ቅጠል አልፎ አልፎ ቢሰጠው አንጀቱ ደኅና ይሆናል።

ጾም ለሚያውቅ ሕዝብ የምሥራች አለ፤ ዓሣም መጾም ይችላል። በሳምንት አንድ ቀን ባይመገብ ይጠቅመዋል። ያደገና ጤነኛ የሆነ ዓሣ ሳምንት ሙሉ ባይበላ አይሞትም። ለገና ወይም ለፋሲካ አዲስ አበባ የሚሄድ ቤተሰብ «እንዳይራብብኝ» ብሎ ለማያውቅ ሰው የምግብ ቆርቆሮ ትቶ ከሚሄድ፣ የየቀኑን ምግብ በወረቀት ጠቅልሎ መቁጠር፣ ወይም ጭራሹን ሳይመገብ መተው ይሻለዋል።

«ለዓሣ ይህ ሁሉ?»

የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «ሰው ውኃ ለመቅዳት ጄሪካን ይዞ በሚሰለፍባት ከተማ ለዓሣ 75 ሊትር መመደብ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ይባላል። አዎን፣ ቅንጦት ሊሆን ይችላል። መልሱ ግን ዓሣውን በአምስት ሊትር ማፈን አይደለም፤ አለመግዛት ነው። ዓሣ እንድንገዛ ማንም አላስገደደንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የገባ ሰው ብድሩን የመክፈል ግዴታ አለበት።

ሌላው «መስታወቱ ውድ ነው» ይላል። ለክሪስታል ጎድጓዳና ለፕላስቲክ ግንብ፣ ለባለ ቀለም ጠጠር ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ 100 ሊትር የሚይዝ ሰፊ የፕላስቲክ ገንዳና አንድ የስፖንጅ ማጣሪያ ለዓሣው ይበጀዋል። ይህ እንደ ውርደት አይቆጠር፤ ቻይናውያኑም ለብዙ መቶ ዓመታት ወርቃማ ዓሦቻቸውን በሸክላ ጋን ውስጥ አኑረው ከላይ ቁልቁል ነበር የሚመለከቷቸው።

ሦስተኛው «የእኔ ዓሣ በጎድጓዳ ሁለት ዓመት ኖሯል» ብሎ ይከራከራል። ለ15 ዓመት የተፈጠረው በሁለት ዓመት ሲሞት ያ የዓሣውን ጽናት እንጂ የጎድጓዳውን ደግነት አያሳይም።

አራተኛው ይብሳል፤ «ከሰለቸን ወንዝ ውስጥ እንለቀዋለን» ይላል። ይህ ደግሞ በአንድ ዓሣ ብቻ የሚቀር ጥፋት አይደለም። በናይቫሻ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2001 ገደማ የታየው ካርፕ፣ የወርቃማው ዓሣ የቅርብ ዘመድ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሐይቁ የሚወጣውን ዓሣ በብዛት ተቆጣጥሮታል። በ1950ዎቹ በቪክቶሪያ ሐይቅ የተጨመረው የናይል ፐርች ብዙ የአገሬው ትናንሽ ዓሦች እንዲጠፉ ምክንያት ሆኗል። ነገ ወደ አገር ቤት የሚገባው ወገናችን ይህንኑ ልማድ ይዞ ጣና ዳር ቢሰፍርስ? ጣና በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከ10 በላይ የቢልጫ ዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው። አንድ ባልዲ ስንፍና የሚያደርሰውን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሻጩ «ጎድጓዳ ይበቃዋል» ብሎ የሚሸጥልን እኛ ስለምንገዛው ነው። ገበያውን የምንለውጠው በጥያቄያችን ነው። ዓሣ ከመግዛታችን በፊት ገንዳውን እንግዛ፤ ገንዳውን አዘጋጅተን አንድ ወር እንጠብቅ፤ ያን ወር መጠበቅ ያልቻለ ልጅ ዓሣ ለመያዝ ዝግጁ አይደለም፤ ያልቻለ ወላጅም እንደዚሁ። ዓሣው ሲመጣ ላስቲኩን ሳይከፍቱ ለ15 ወይም 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ፣ ከዚያም የገንዳውን ውኃ በጥቂቱ እየጨመሩ ማለማመድ፣ የመደብሩን ውኃ ሳይሆን ዓሣውን ብቻ ማስገባት ነው። በመደብሩ ገንዳ ውስጥ የሞተ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ካየን ከዚያ ገንዳ አንግዛ።

ከሁሉም በላይ ግን ልጁን እናስብ። በስደት አገር የሚያድግ ልጅ ከእኛ የሚማረው ቋንቋና ሃይማኖት ብቻ አይደለም፤ በእጁ ለገባ ደካማ ፍጥረት እንዴት እንደሚሆን ጭምር ይማራል። ዓሣው ሲሞት «ሌላ እንገዛልሃለን» ብንለው፣ የሞተው ነገር ሁሉ በገንዘብ የሚተካ መሆኑን አስተማርነው። «ለምን ሞተ?» ብለን አብረነው ውኃውን ብንመረምር ግን፣ የሚናገር አፍ የሌለውን ፍጥረት ጉዳት ፈልጎ ማግኘትን አስተማርነው። ይህን የተማረ ልጅ ነገ የታመመ አያቱን፣ የደከመ ጎረቤቱን አያልፍም። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ብለው ያስተማሩን አባቶች ናቸው፤ ለመብላቱ ብልሃት ካስፈለገ ለማኖሩማ እንዴት አብልጦ አያስፈልግ?